ፎገራ ማለት ላም ነበር

አዲስ አበባ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የቢሮ ባልደረባዬ አገሬን ጠየቀኝ። "ፎገራ" አልኩት። "አቦ አትፎግረኝ!" ብሎ ሳቀ። እየፎገርኩት እንዳልሆነ ለማስረዳት ካርታ መክፈት ነበረብኝ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ግን ቀና ብለው "የላሙ አገር!" አሉኝ፣ የድሮ ወዳጅ ያገኙ ያህል ፊታቸው በርቶ። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ወጣት ስነግረው ደግሞ "አሃ፣ የሩዙ!" አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በሁለቱ መልሶች መካከል የሆነው ነገር ግን ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። ላሙ ለሩዙ ቦታ ለቅቆ ነው። ይህን የማየው በሁለት ወንዞች ነው፣ በርብና በጉማራ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሄደ ሰው ሁሉ ፎገራን አይቷል። አይቷል እንጂ ልብ ብሏል ማለቴ አይደለም። ሐሙሲትን አልፈህ ትንሽ ስትሄድ መሬቱ በድንገት ጠፍጣፋ ይሆናል። መኪናው ፍጥነት ይጨምራል፣ ተሳፋሪው እንቅልፍ ይይዘዋል። ወረታ ላይ ሻይ ተጠጥቶ ጉዞ ይቀጥላል። ከወረታ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር በኩል ሽቅብ ወደ ወልዲያ ይሄዳል። ይኸኛው ቻይናዎቹ የሠሩት ነው፣ የዛሬዎቹ ሳይሆኑ በደርግ ጊዜ የነበሩት። ወረታ ከተማ የሆነችው በዚህ መገንጠያ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። አሁን ደረቅ ወደብም አላት።

ሜዳው ግን ከመንገዱ በፊት የነበረ ነው። በምሥራቅ ጉና አለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ተራራ። በምዕራብ ጣና አለ፣ 1,786 ሜትር ግድም ላይ ተኝቶ። ርብም ጉማራም የሚነሱት ከጉና ወገን ነው። ከላይ ሲወርዱ ይጣደፋሉ፣ የፋርጣ ወረዳን ቁልቁለት እየጠረጉ አፈሩን ይዘው ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን የሚወርዱበት ቁልቁል የለም። ውሃ መሬት ካልዘቀዘቀለት ምን ያደርጋል? ይቆማል። ሲቆም የተሸከመውን ያወርዳል። ፎገራ በአጭሩ ይኸው ነው፣ ጉና ለብዙ ሺህ ዓመታት የላከው አፈር የተራገፈበት ቦታ። አያቴ "የእኛ መሬት ከፋርጣ የተሰረቀ ነው" ይል ነበር። የፋርጣ ሰው በተገኘበትም አይተወውም።

አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በክረምት ደግሞ ጫማህን ያወልቅና ያስቀረዋል። የማረሻውንም ጣጣ እዚያ ያረሰ ያውቀዋል። ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፣ ትምህርት ሲዘጋ ግን ወደ አያቴ ቤት እላክ ነበር። ትምህርት የሚዘጋው ክረምት ነው፣ ክረምት ደግሞ ሜዳው በውሃ የሚሞላበት ጊዜ። ስለዚህ የልጅነት ፎገራዬ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ደረቁን ፎገራ ያየሁት ከአሥራ ስምንት ዓመቴ በኋላ ነው ብል ማንም አያምነኝም።

ስለ ጥንቱ ብዙ ማለት አልፈልግም። በጎንደር ታሪክ ላይ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል። ጥቂት ነገር ብቻ። ነገሥታቱ ጎንደር ላይ ከመርጋታቸው በፊት በዚህ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ ሲዘዋወሩ ነው የኖሩት። ከእንፍራዝ በላይ ያለው ጉዛራ፣ የአፄ ሠርፀ ድንግል ግንብ፣ ከፋሲል ግንብ በፊት የተሠራ ነው። ርብ ላይም የጎንደር ዘመን ነው የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። የዚያን ጊዜ ሰው ድልድይ በዋዛ አይሠራም። እዚህ የሠራው ክረምት ላይ ርብን መሻገር ጦር ከመግጠም የማይተናነስ ጣጣ ስለነበረ ይመስለኛል። አፄ ቴዎድሮስም ደብረ ታቦርንና ጋፋትን ይዘው ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ቋራጣ፣ ሲመላለሱ ይህ አካባቢ ጓሮአቸው ነበር። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ቀን፣ ጣሊያን ጎንደርን ለመከላከል የመሸገበት ቁልቋል በር ተሰበረ። ቁልቋል በር ከአዲስ ዘመን ወዲያ ነው፣ ሜዳው አልቆ መንገዱ ወደ ተራራ የሚገባበት። በሩ ከተሰበረ በኋላ ጎንደር አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየችም።

የሜዳው ሰው ግን በዚህ ሁሉ መሐል የሚያስበው ስለ ከብት ነበር።

የፎገራ ላም የምትባለው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች ናት፣ አንዳንዷ ግራጫ ያለባት። ቀንዷ አጭር፣ ሻኛዋ ትንሽ፣ የአንገቷ ቆዳ ረጅም። ለአገር ላም ወተቷ ጥሩ ነው፣ ስሟም የወጣው በዚያ ነው። ትልቁ ነገር ግን ረግረጉን መቻሏ ነው። ሌላ ከብት እዚህ ጭቃና ትንኝ ውስጥ ክረምቱን አይወጣም። ውሃው ሲሸሽ ከጣና ዳር ጀምሮ ሣር ይበቅላል። ከብቱ ውሃውን እየተከተለ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ሰኔ ላይ ውሃው ሲመጣ ደግሞ ከፊቱ እየሸሸ ወደ ደረቁ ይወጣል። አያቴ ቀን የሚቆጥረው በዚህ ነበር፣ ከብቱ የት ደረሰ በሚል። ስንት ላም እንዳለው ጠይቄው አያውቅም። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ልቆጥር ስል እጄን መታኝ። ከብት አይቆጠርም።

እህሉ ጭራሽ ሁለተኛ ነገር ነበር። ዳር ዳር ባለው ከፍ ያለ መሬት ላይ ጤፍና ዳጉሳ ይዘራል፣ ኑግም አለ። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን ክረምቱን ሙሉ የማንም አይደለም። ውሃው ሲጎድል በቀረችው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበተንበታል። ጓያ የድሃ እህል ነው፣ ድርቅም ውሃም አይገድለውም። ሌላ ጠፍቶ ለወራት እሱ ብቻ ሲበላ ግን እግር ይሰብራል። ሰፈራችን ውስጥ በዱላ የሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ምን እንደሆኑ ልጅ አይጠይቅም፣ ሁላችንም ግን እናውቅ ነበር።

ሩዝ የገባው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። በሜዳው ረግረግ ውስጥ የዱር ሩዝ በራሱ ጊዜ ይበቅል ነበር፣ ከብት የሚበላው። ይህን ያዩ ባለሙያዎች የዱሩ ከበቀለ የቤቱ ለምን አይበቅልም አሉ። በ1970ዎቹ፣ በደርግ ጊዜ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡ። ሩዝ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ተሞከረ፣ አንደኛው እዚሁ ፎገራ ሻጋ፣ ሌላው ጎረቤት ደራ ወረዳ ጅግና። እስከ ዛሬ ገበሬው አልለቅም ያለው ዝርያ ስሙ ኤክስ ጅግና ነው። ኋላ ላይ የወጡ ዝርያዎችም ጉማራ፣ ኮኪት፣ ሻጋ እየተባሉ በወንዙና በቀበሌው ስም ተጠርተዋል። ደስ የሚለኝ ነገር ነው። የስንዴና የበቆሎ ዝርያ በቁጥርና በባዕድ ስም ሲጠራ የእኛ ሩዝ እንደ ሰፈር ልጅ ይጠራል።

መጀመሪያ ላይ ግን ማንም አልወደደውም። አጎቴ እንደሚነግረኝ ሩዝ የመንግሥት እህል ነበር። ማኅበሩ ይዘራዋል፣ ማኅበሩ ያጭደዋል፣ ገበሬው ቆሞ ያያል። ምን ይደረግበታል? በምን ይፈተጋል? ሴቶቹ በሙቀጫ ሲወቅጡት ግማሹ ተሰባበረ። ማኅበራቱ በ1982 ዓ.ም. ገደማ ሲፈርሱ ሩዙም አብሮ ሊጠፋ ነበር። ያተረፈው ውሃው ነው። ማኅበሩ ፈረሰ እንጂ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት መሬት አልፈረሰም፣ በዚያ መሬት ላይ ደግሞ ክረምትን የሚችል ሌላ እህል የለም። አንዳንድ ገበሬ ጓሮው አካባቢ በትንሽ በትንሹ ይዞት ቆየ። ከዚያ ግብርና ቢሮው መልሶ ገፋው፣ አንድ ሁለት ሰው ጥሩ አገኘ፣ ጎረቤት አየ። ገበሬ ደግሞ ባለሙያ ከሚነግረው ይልቅ ጎረቤቱ ጎተራ ውስጥ ያየውን ያምናል።

ከዚያማ ማን ያቁመው። ዛሬ በነሐሴ ወር ወረታ ዳር ብትቆም ዓይንህ እስኪደክም አረንጓዴ ነው፣ ከሥሩ ውሃ የሚያብረቀርቅ። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ይዘራል። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው፣ የሩዝን አረም ያላየ ሰው አረም አላየም። ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብለህ ትውላለህ፣ አረሙ ደግሞ ቁርጥ ሩዙን ይመስላል፣ ያልለመደ ሰው ሩዙን ነቅሎ አረሙን ይተዋል። (አንድ ክረምት ላግዝ ብዬ ገብቼ አጎቴ በግማሽ ቀን ውስጥ በትህትና አስወጥቶኛል። "አንተ ሻይ አፍላልን" ነው ያለኝ።) ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ይታጨዳል። ከመታጨዱ በፊት ጓያው ከሥሩ ይበተናል፣ ሩዙ ሲነሳ ጓያው በቅሎ ይጠብቃል። አንድ መሬት፣ ሁለት እህል፣ ያውም ድሮ በክረምት ለእርሻ ማንም በማይፈልገው ቦታ።

ቤታችን ውስጥ የተለወጠው ደግሞ እንጀራው ነው። የከተማ ሰው ሩዝ ሲባል በወጥ የሚበላ ይመስለዋል። ፎገራ ውስጥ ግን ሩዝ ከጤፍ ጋር ተፈጭቶ ምጣድ ላይ ይወጣል። ነጭ፣ ለስላሳ እንጀራ ይወጣዋል፣ ጤፉንም ያበረክታል። ጠላም ይጠመቅበታል፣ አረቄም ይወጣዋል። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ መጀመሪያ "ይኼ እንጀራ አይደለም፣ ነጠላ ነው" ትል ነበር። በኋላ ላይ ጤፍ ሲወደድ እሷው ራሷ ድርሻውን ከፍ እያደረገች መጣች፣ ነጠላነቱንም ረሳችው። ገለባው ከብት ይበላል። ከተማው ውስጥ የመፈተጊያ ቤቶቹ ጩኸት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አያስተኛም፣ መንገድ ዳር ገለፈቱ ተቆልሎ ንፋስ ሲመጣ ሻይህ ውስጥ ይገባል። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተተከለው እዚሁ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ሩዝ ባብዛኛው በመርከብ የመጣ ነው። የእኛው ይሰባበራል፣ ነጩና ቀዩ ይቀላቀላል፣ እያሉ ነጋዴዎች ያማርራሉ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ዋጋ ማውረጃ ነው።

ላሞቹስ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሩዝ የያዘው ያ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የግጦሽ ሜዳው ነበር። ማንም "ላሙን እናጥፋ" አላለም። አንዱ ዳሩን አረሰ፣ ሌላው ከእሱ ቀጥሎ አረሰ፣ ወል የነበረው መሬት ስም እያወጣ ሄደ። ሠላሳ ከብት የነበረው ቤት አምስት ቀረው፣ እነሱም የእርሻ በሬዎች ናቸው። ዘሩም ከደጋ በመጣ ኮርማ ተደባለቀ። ንጹሑን ዘር ለማቆየት ባሕር ዳር አጠገብ ያለው አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት ሲያራባው ኖሯል። እስቲ አስበው፣ የፎገራን ላም በእርግጠኝነት ለማየት ከፎገራ ወጥተህ አንዳሳ ትሄዳለህ። ሆኖም በአጎቴ አልፈርድም። ስድስት ልጅ ያስተማረው በሩዝ ነው። አያቴ በዚያ ሁሉ ከብት አንድ ልጅ ብቻ ነው ያስተማረው፣ እሱም አባቴ ነው።

ውሃው ይሰጣል ስንል ደግሞ የሚያመጣውን ሌላ ነገር መርሳት የለብንም። በ1950 እና 51 ዓ.ም. በአገሪቱ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል ሞቷል ተብሎ ተገምቷል፣ የጣና ዙሪያ ሜዳዎችም የወባ አገር ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ርብ ማዶ ሊቦ ከምከምና እዚሁ ፎገራ ካላዛር የሚባል ገዳይ በሽታ ገባ። መጀመሪያ ላይ ወባ ነው ተብሎ ስንቱ በወባ መድኃኒት ሲታከም ከረመ። በሽታው ከመተማና ሁመራ ቆላ ለሥራ ሄደው ከተመለሱ ልጆች ጋር ሳይመጣ አልቀረም ነው የሚባለው። ለሥራ የሚሄዱት ደግሞ መሬት ስለማይበቃቸው ነው። ሜዳው ሰፊ ይመስላል፣ ለሰው ሲካፈል ግን ጠባብ ነው።

ከዚያ የ1998ቱ ነሐሴ። ድሬዳዋ ውስጥ ጎርፍ ያን ሁሉ ሰው የበላበት ክረምት ነው፣ አገሩ ሁሉ ያወራው ስለ ድሬዳዋ ነበር። በዚያው ክረምት ርብና ጉማራ ሜዳው ላይ ወጡ። የድሬዳዋው በሌሊት እንደ ወንበዴ መጣ፣ የእኛው ግን እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ገብቶ አልወጣም ያለ ነበር። ናቤጋ፣ ሺና፣ ዋገጠራ ውሃ ውስጥ ገቡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወንዞቹ ደለል እያራገፉ ወለላቸው ከፍ ብሏል፣ አንዳንድ ቦታ ወንዙ ከጎኑ ካለው ማሳ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው። ገበሬው ዳሩን በአፈር ይከልለዋል፣ አንድ ቦታ ሲሰበር ሁሉም በዚያ ይወጣል። ታች ጣና ደግሞ ክረምቱ ሲገባደድ ሞልቶ ወደ ኋላ ይገፋል። አክስቴን ከቤቷ ያወጧት በደንገል ታንኳ ነው። ምን ይዘሽ ወጣሽ ስላት "ምጣዴን" አለችኝ። ጎተራው ውሃ ውስጥ ቀርቶ ምጣድ! ግን ልክ ነበረች። መጠለያው ውስጥ ዱቄት ታደለ፣ ምጣድ አልታደለም።

በዓመቱ መሬቱ ያንን ጎርፍ ባመጣው ደለል የተለየ ምርት ሰጠ። ይህን ስጽፍ ለጎርፍ የተከራከርኩ እንዳይመስልብኝ።

የበጋው ወሬ ሌላ ነው። ከጥር ጀምሮ በርብና በጉማራ ዳር የውሃ ሞተሮች ተሰልፈው ይጮሃሉ። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ወንዙ ነሐሴ ላይ ቤት ያፈርሳል፣ መጋቢት ላይ ደግሞ በሞተሮቹ ተመጥጦ ልጆች ጫማቸውን ሳያወልቁ ይሻገሩታል። ሽንኩርት ሎተሪ ነው። አንድ ዓመት ከአጎቴ ጋር አብሬ ገባሁበት፣ ከአዲስ አበባ ሆኜ ገንዘብ በመላክ ሀብታም ልሆን። የገዛነው ሞተር በሁለተኛ ሳምንቱ ነደደ፣ ሻጩ "አጠቃቀም ነው" አለን። በኪራይ ሞተር ጨረስነው። ሽንኩርቱ ሲደርስ የሁሉም አብሮ ደረሰ። ዋጋው የጆንያና የማስነቀያ እንኳን አልሸፈነም። አጎቴ ምንም አላለም፣ በነጋታው ለከብቶቹ አጨደላቸው። እኔ ነኝ ለሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣሁት።

ይህን የበጋ ነገር ያስተካክላል የተባለው የርብ ግድብ ነው። ሥራው የተጀመረው በሚሌኒየሙ መባቻ ነበር፣ ብዙ ዓመት ፈጅቶ አለቀ። ከፍታው 73.5 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ። ክረምቱን ይዞ ለበጋ ያካፍላል፣ ጎርፉንም ያበርዳል ነው ሐሳቡ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ግድቡ ከውሃው ጋር ደለሉንም እንደሚይዝ ማንም ለገበሬው ሲነግረው አልሰማሁም። ደለሉ ጠላት ነው፣ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርጋል። ደለሉ ማዳበሪያም ነው። በከረጢት የሚመጣው ማዳበሪያ ዋጋው ሰማይ በነካበት ጊዜ ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም።

ግድቡ ሳያልቅ ሜዳው ራሱ እየደረቀ ነበር። ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉን፣ ርብ ሲሞላ የሚሞሉ። ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ረጃጅም እግር ወፎች በጋውን እዚያ ያሳልፋሉ። ዳርና ዳራቸው እየታረሰ፣ ውሃቸው በሞተር እየተሳበ፣ በመከለያውም ምክንያት ወንዙ እንደ ድሮው እየገባላቸው ስላልሆነ ተኮማትረዋል። ጣና ዳር ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እምቦጭ ገባ። ሰው ከየቦታው ተጠራርቶ በእጁ ነቀለው፣ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፤ በየዓመቱ ተነቀለ፣ በየዓመቱ በቀለ። ያ ዳርቻ የአያቴ ከብቶች በጋ ላይ የሚወርዱበት ነበር። የቀረችውን ግጦሽ እንዲህ ያለ አበባው የሚያምር አረም ይወስዳታል ብሎ ማን ገመተ።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት ታኅሣሥ ላይ ነው። መንገዱ እንደ ልብ ስለማይኬድበት ሳልሄድ ቆይቼ ነበር። አጎቴ ጓሮ ውስጥ የሩዝ ገለባ እንደ ቤት ተከምሯል፣ ሥሩ አንዲት ላም ታስራለች፣ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች። "ይቺ የድሮዎቹ ዘር ናት" አለኝ። ቀንዷን አየሁት፣ ረዘም ያለ መሰለኝ፣ ግን ምንም አላልኩም። አክስቴ ትኩስ ወተት በጣሳ አመጣችልኝና "ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ድሮ ትወድ ነበር" ብላ ፊቴ ቆመች። አጎቴ ስለ አባቱ ከብቶች ሊነግረኝ ጀምሮ ስልኩ ጮኸ። የሽንኩርት ደላላ ነው። "ስንት ገባ?" አለ፣ ተነሥቶ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ አጥሩ እየሄደ፣ "አይ እሱማ አያዋጣኝም፣ እስከ ቅዳሜ ልየው።"